ጀግንነት፣ ልክና ዕድል፦ የግሪኮች ጥያቄ በመተማ ቆላ

መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መተማ ላይ የመሐዲስቶችን፣ በጊዜው አጠራር የድርቡሽን፣ ምሽግ ገጠሙ። ሠራዊታቸው ቅጥሩን ጥሶ ገብቶ ድሉን ሊጨብጥ ጥቂት ሲቀረው ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ተመቱ፤ ወሬው ሲሰማ ጦሩ ተፈታ። በማግስቱ ዐረፉ። ድርቡሾች አስከሬናቸውን ማርከው የንጉሠ ነገሥቱን ራስ ወደ ኦምዱርማን ላኩት። ዛሬ ከሱዳኗ ጋላባት ጋር ፊት ለፊት የምትተያየው የድንበር ከተማ በስማቸው መተማ ዮሐንስ ትባላለች።

በዚያች ቀን የሆነውን ጀግንነት ብሎ ለመጥራት የሚያመነታ ኢትዮጵያዊ አይገኝም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ጀግንነት ራሱ ምንድን ነው? በጎ ምግባር ያለው ሰው ሁሉ በጎ ሕይወት ይኖራል? ወይስ አንዲት ጥይት፣ አንድ በሽታ፣ አንድ ክፉ ዘመን የሰውን ልፋት ሁሉ ሊሽረው ይችላል? ከ2,400 ዓመት በፊት አቴና ላይ የተነሣው ሙግት ይኸው ነው። ከመተማ ቆላ ሆኖ ለሚያየው ሰው ደግሞ ሙግቱ የመጻሕፍት ቤት ወሬ አይደለም።

ፕላቶ በጀግንነት ላይ የጻፈው ድርሰት «ላኬስ» ይባላል። በድርሰቱ ሁለት የአቴና የጦር አለቆች፣ ላኬስና ኒቅያስ፣ ከሶቅራጥስ ጋር ይከራከራሉ። ላኬስ ነገሩ ቀላል መስሎታል፤ ጀግና ማለት በተሰለፈበት ቦታ ጸንቶ የሚዋጋ፣ የማይሸሽ ሰው ነው ይላል። ሶቅራጥስ ግን እስኩቴሶች እየሸሹ እንደሚዋጉ፣ ስፓርታውያንም ፕላቴያ ላይ ካፈገፈጉ በኋላ ዞረው እንዳሸነፉ ያስታውሰዋል። ኒቅያስ በበኩሉ ጀግንነት የሚያስፈራውንና የማያስፈራውን ለይቶ ማወቅ ነው ብሎ ይሞክራል፤ እሱም አይዘልቅም። ድርሰቱ ያለ መልስ ያልቃል። ታሪክ ግን ለኒቅያስ የራሱን መልስ ሰጥቶታል። ይኸው ሰው በ413 ቅ.ል.ክ. ሲሲሊ ላይ የዘመተውን የአቴና ጦር ሲመራ ጨረቃ ስለ ጠፋች ማፈግፈጉን አዘገየው፤ ጦሩ አለቀ፤ እሱም ተገደለ።

አሪስቶትል ጀግንነትን በፈሪነትና በጀብደኝነት መካከል አስቀመጠው። ጀግንነት የሚመስሉ ግን ያልሆኑ አምስት ነገሮችንም ለየ፦ ሐፍረትን ወይም ቅጣትን ፈርቶ መቆም፣ በልምድ ብቻ መተማመን፣ በቁጣ መገንፈል፣ አሸንፋለሁ በሚል ተስፋ መደፋፈር፣ አደጋውን አለማወቅ። በዚህ ሚዛን የዮሐንስን ዘመቻ መመዘን ቀላል አይደለም። ጥር 1880 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሳርውሃ ላይ ተሸንፈው ጎንደር ተቃጥላለች። በሰሜን ጣሊያን ምጽዋን ይዟል። ከደቡብ ምኒልክና ተክለ ሃይማኖት አድመዋል። በዚህ ሁሉ መካከል ንጉሠ ነገሥቱ ለመሐዲስቶቹ አዛዥ ለአቡ አንጃ የሰላም ደብዳቤ ጻፉ፤ የጋራ ጠላታችን አውሮፓውያን ናቸውና እርስ በርስ አንጋደል የሚል መልእክት ነበረው። የመጣው መልስ እንቢታ ሆነ።

ይህን ጉዳይ ያጤነ ሰው ከምሽጉ ፍልሚያ ይልቅ ደብዳቤውን አብልጦ ቢያከብር አይሳሳትም። በአሪስቶትል ዘንድ ጀግንነት ያለ ማስተዋል ጀግንነት አይደለም፤ ሰውየው ስለ ምን፣ መቼና ከማን ጋር እንደሚዋጋ የመረጠ መሆን አለበት። ዮሐንስ መጀመሪያ የመረጡት እርቅን ነበር።

ግሪኮች ምግባር ሲሉ ዛሬ ከለመድነው ትእዛዝና ክልከላ የተለየ ነገር ያስቡ ነበር። ጥያቄያቸው «ምን ማድረግ ይፈቀድልኛል?» ሳይሆን «ምን ዓይነት ሰው ልሁን?» የሚል ነው። ፕላቶ «ፖሊቴያ» በተባለው ሥራው አራት ምግባራትን ይዘረዝራል፦ ጥበብ፣ ጀግንነት፣ ራስን መግዛት፣ ፍትሕ። ነፍስንም በሦስት ይከፍላታል፤ የምታስብ፣ የምትቆጣ፣ የምትመኝ። ፍትሐዊ ሰው ማለት ሦስቱም በየቦታቸው የተገሩለት ነው። ከ384 እስከ 322 ቅ.ል.ክ. የኖረው ተማሪው አሪስቶትል ደግሞ «የኒቆማኮስ ሥነ ምግባር» በሚባሉት አሥር መጻሕፍቱ ነገሩን ወደ ዕለታዊ ኑሮ አወረደው። ለጋስነትን፣ ቁጣን፣ ጨዋታ ዐዋቂነትን፣ ወዳጅነትን አንድ በአንድ መረመረ፤ ለወዳጅነት ብቻ ሁለት ሙሉ መጻሕፍት ሰጠ።

ይህ ሐሳብ ለኢትዮጵያ ባዕድ ሆኖ አያውቅም። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የኤርትራ ባሕር መርከበኞች መመሪያ፣ ዞስካሌስ የተባለውን የአካባቢው ንጉሥ የግሪክ ትምህርት ዐዋቂ ይለዋል። ዒዛና ድሎቹን ከግዕዝ ሌላ በግሪክኛም በድንጋይ ላይ አስቀርጿል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ አባ ሚካኤል «መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባን»ን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መለሰ። የሶቅራጥስ፣ የአፍላጦንና የአርስጣጣሊስ ስም በዚያ መጽሐፍ የምክርና የተግሣጽ ባለቤት ሆኖ ይመጣል። ጠቢባኑ የሚናገሩት ግን እንደ አቴና ተከራካሪ አይደለም፤ እንደ መምህረ ንስሐ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን ያስተማረው ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ክላውድ ሰምነር ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአምስት ቅጽ ባሳተመው ጥናት ይህን ቅርስ ለዓለም አሳወቀ። በግዕዙ መጽሐፍ የተርጓሚው እጅ እንጂ ግልብጥ ብቻ እንደማይታይ ያሳየም እሱ ነው።

የአሪስቶትል ዋና ትምህርት ስለ ልክ ነው፤ ብዙ ጊዜ በስሕተት የሚነገረውም ይኸው ነው። ልክ ማለት መሐል መንገድ፣ ሁሉን በመጠኑ ማድረግ ማለት አይደለም። አሪስቶትል ራሱ ከምግብ ምሳሌ ይሰጣል፦ አሥር ምናን (የክብደት መለኪያ ነው) ብዙ፣ ሁለት ምናን ጥቂት ነው ማለት አሠልጣኙ ለሁሉም ስድስት ያዝዛል ማለት አይደለም። ለዝነኛው ታጋይ ለሚሎን ስድስት ጥቂት ነው፤ ለጀማሪ ደግሞ ብዙ ነው። ልኩን የሚያገኘው ሁኔታውን የሚያነብ ዓይን ነው፤ ይህን ዓይን ማስተዋል ይለዋል። ማስተዋል የሚገኘው ደግሞ ከልምድ ስለሆነ ወጣት ጥሩ የሒሳብ ሊቅ ሊሆን ይችላል እንጂ አስተዋይ አይሆንም ይላል።

የመተማ ገበሬ ይህን በሰሊጥ ያውቀዋል። ሰሊጥ ከሥር ወደ ላይ ነው የሚበስለው። የታችኛው ፍሬ ሲደርስ የላይኛው ገና ለምለም ነው፤ የላይኛው እስኪደርስ ከተጠበቀ የታችኛው ራሱ ተከፍቶ ዘሩን ዋልካው ላይ ያፈስሰዋል። ቶሎ ከታጨደ ፍሬው አልሞላም፤ ከዘገየ ግማሹ መሬት ላይ ቀርቷል። ስለዚህ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ መርገፍ ሲጀምር፣ የታችኞቹ ፍሬዎች ቀለማቸውን ሲለውጡ፣ ማጭድ ይገባል። የታጨደው በነዶ ታስሮ ጫፉ ወደ ላይ እንደሆነ ተደጋግፎ በሂላ ይቆማል፤ ሲደርቅም ነዶው ሸራ ላይ ተዘቅዝቆ ይራገፋል። ቀኑን የሚነግር የቀን መቁጠሪያ የለም። የዘንድሮ ዝናብ፣ የማሳው አቀማመጥ፣ የዘሩ ዓይነት ይለውጠዋል። ልምድ ያለው ሰው ማሳው ውስጥ ገብቶ ጥቂት ፍሬ ፈልፍሎ አይቶ ይወስናል። አሪስቶትል ስለ ማስተዋል ሲጽፍ የሐኪምንና የመርከብ መሪን ምሳሌ አመጣ እንጂ ሰሊጥ አራሽም ያው ምሳሌ ይሆነው ነበር።

በዚያው ማሳ ፍትሕም ይፈተናል። ሰሊጥ ቀን ስለማይሰጥ ባለ እርሻው በጥቂት ቀናት ውስጥ ብዙ እጅ ይፈልጋል። ሳሉግ የሚባሉት ወቅታዊ የቀን ሠራተኞች ከደጋው፣ ከጎጃምና ከጎንደር፣ ከወሎም ጭምር ይወርዳሉ። ምርቱ ሊረግፍ ሲቃረብ ደመወዝ ይንራል፤ የሰው ጉልበት ሲበዛ ይወድቃል። አሪስቶትል ፍትሕን ሲተነትን ልውውጥ ላይ ብዙ ይቆያል፤ ቤት ሠሪና ጫማ ሰፊ ሥራቸውን በምን ሚዛን ይለዋወጣሉ ብሎ ይጠይቃል። ከድርሻው በላይ መፈለግ፣ ስግብግብነት፣ ለእሱ የፍትሕ ጉድለት ዋና ምልክት ነው። በአጨዳ ሰዓት የተጨነቀውን ባለ እርሻ መጨቆን፣ የሰው ጉልበት ሲበዛ ደግሞ የራበውን ሳሉግ ደመወዝ መስበር፣ ሁለቱም እዚያው ይወድቃሉ። ነገር ግን ሁለቱ እኩል አይደሉም፤ ሳሉጉ የሚደራደረው በዕለት ጉርሱ ነው።

ምግባር በትምህርት ይገኛል ወይስ በተፈጥሮ? «ሜኖ» የተባለው የፕላቶ ድርሰት በዚህ ጥያቄ ይከፈታል። አሪስቶትል የሰጠው መልስ ከሁለቱም አይደለም፦ በልማድ ነው። ሰው ፍትሐዊ ነገር እየሠራ ፍትሐዊ ይሆናል፤ በገና እየደረደረ በገና ደርዳሪ እንደሚሆን። ልማድ ግን ወደ በጎም ወደ ክፉም ያዘነብላል። የመተማ ጎረቤት የሆነችው የቋራ ሰው ካሣ ኃይሉ፣ ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ለዚህ ከማንም የከበደ ምሳሌ ነው። ካሣ በቆላው በሽፍትነቱ ዘመን ምርኮውን ለድሃው ገበሬ ያካፍል፣ ማረሻ መግዣም ይሰጥ እንደነበር ይተረካል። ያው ሰው በ1859 ዓ.ም. የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት አስዘርፎ ከተማዋን አቃጠለ። ፕላቶ ቢያየው የምትቆጣው ነፍስ ከምታስበው አፈንግጣለች ይል ነበር። አሪስቶትል ግን መንገዱን ወደ ኋላ እየሄደ ይፈልግ ነበር፦ የትኛው ቅጣት የመጀመሪያው ነበር? የትኛው ጭካኔ ሁለተኛውን አቀለለው? ይህ ጥያቄ ከፍርድ ይልቅ ለመማር ይበጃል።

እዚህ ላይ የግሪክ ሥነ ምግባር ትልቁ ቁስል መነካት አለበት። አሪስቶትል «ፖለቲካ» በተባለው ሥራው መጀመሪያ መጽሐፍ ላይ በተፈጥሯቸው ባሪያ የሆኑ ሰዎች አሉ ብሎ ተከራክሯል። ሴቶችንም ከወንዶች አሳንሷል። በኑዛዜው ከባሮቹ አንዳንዶቹ ነጻ እንዲወጡ ማዘዙ ክርክሩን አይሰርዘውም። ይህ ለመተማ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መተማ ከደጋው የሚወርደውን ቡናና ማር ከሱዳን ሸቀጥ የምታገናኝ ታላቅ ገበያ ነበረች፤ ነዋሪዎቿ ተክሩሮች ለግብጽም ለኢትዮጵያም ይገብሩ ነበር። በ1862 እ.ኤ.አ. በዚያ ያለፈው እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በገበያው ለሽያጭ የተደረደሩ ልጃገረዶችን አይቶ ጽፏል። ስለ ልክና ስለ ወዳጅነት ያን ያህል የረቀቀ ሰው ከእነዚያ ልጆች ፊት ዓይኑን እንዴት ጨፈነ? በጎ ሕይወት ለጥቂቶች የሚሆነው የሌሎች ሕይወት ሲሸጥ ከሆነ በጎነቱ ምኑ ላይ ነው?

ለዚህ ከውስጥ የተሰጠ መልስ አለ። የ«ሐተታ ዘርአ ያዕቆብ» ደራሲ ከሱስንዮስ ዘመን ስደት በኋላ ከጎንደር ብዙም በማይርቀው እንፍራዝ እንደ ኖረና በ1667 እ.ኤ.አ. እንደ ጻፈ ይናገራል። ሂሩት የምትባል የቤት አገልጋይ ሲያገባ ባልና ሚስት እኩል ናቸውና ከእንግዲህ አገልጋይ አይደለችም ይላል። ሰውን መሸጥና መለወጥ ከፈጣሪ ሕግ ጋር እንደማይሄድም ይሞግታል። የሐተታው ደራሲነት ራሱ አከራካሪ ነው፤ ጣሊያናዊው ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. የጽሑፉ ባለቤት ሚስዮናዊው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው አለ፤ ሰምነር የኢትዮጵያዊ ሥራ መሆኑን ተሟገተ፤ ክርክሩ እስካሁን ቀጥሏል። ማን ጻፈው የሚለው ጥያቄ ከባድ ቢሆንም ሐተታው የያዘው ሐሳብ ከአሪስቶትል የተሻለ ነው። አሪስቶትል የተሳሳተውን ነጥብ አርሞታል።

ከግሪኩ ዓለምም መልስ መጥቷል። ኤፒክቴተስ ራሱ ባሪያ ነበር። ዜኖን በ300 ቅ.ል.ክ. አካባቢ አቴና ላይ ከመሠረተው ከስቶይኮች ትምህርት ቤት ወገን ነው። በእጃችን ያለው ፈቃዳችንና ፍርዳችን ብቻ ነው፤ ሀብት፣ ጤና፣ ክብር፣ ሥልጣን ሳይቀር የእኛ አይደሉም ይላል። ስለዚህ ምግባር ብቻውን ለደስታ ይበቃል፤ በሰንሰለት የታሰረ ጻድቅም በጎ ሕይወት ይኖራል። ኤፒኩረስ (341–270 ቅ.ል.ክ.) ደግሞ በአቴና አትክልት ቦታው ከወዳጆቹ ጋር ተቀምጦ መልካም ሕይወት ከሕመምና ከፍርሃት ነጻ መሆን ነው አለ፤ ባሮችና ሴቶች በአትክልት ቦታው ይማሩ ነበር።

አሪስቶትል ግን በስቶይኮች መልስ አይስማማም ነበር። ሶሎን «ሰውን ሳይሞት ደስተኛ አትበለው» ያለውን አንሥቶ፣ በእርጅናው ልጆቹንና ከተማውን ያጣውን የትሮያውን ንጉሥ ፕሪያምን ያነሣል። ምግባር የሕይወት እምብርት ነው፤ ነገር ግን ያለ ጤና፣ ያለ ወዳጅ፣ ያለ ጥቂት ዕድል የሰመረ ሕይወት አይሞላም ይላል። በዘመናችን ማርታ ኑስባውም በ1986 እ.ኤ.አ. የበጎ ሕይወትን ተሰባሪነት በተመለከተ ባሳተመችው መጽሐፍ ይህን ሐሳብ ዳግም አስነሥታለች። ከዚያ በፊት ኤልሳቤጥ አንስኮምብ በ1958፣ አላስዴር ማኪንታየር በ1981 እ.ኤ.አ. ጥንታዊውን የምግባር ትምህርት ወደ ዘመናዊው ክርክር መልሰውት ነበር።

ከዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ መተማ የምትመሰክረው ለአሪስቶትል ነው። ዮሐንስ በ1876 ዓ.ም. አድዋ ላይ ከእንግሊዝ ጋር በፈረሙት ውል መሠረት በመሐዲስቶች የተከበቡትን የግብጽ ጦሮች፣ የመተማውንም ጨምሮ፣ እንዲወጡ ረዱ፤ ቃላቸውን ጠበቁ። በዓመቱ እንግሊዝ ጣሊያንን ምጽዋ ላይ ስታይ ዝም አለች፤ የመሐዲስቶቹ ጠላትነትም እሳቸው ላይ ዞረ። ስቶይኩ «ቃሉን ጠብቋል፣ ይበቃዋል» ይላል። ግን ሞታቸው፣ የሠራዊቱ መፈታት፣ የጎንደር መቃጠል ከሕይወታቸው ሚዛን ውጪ ነው ብሎ ለመናገር ከሰው በላይ መሆን ይጠይቃል።

ለሳሉጉም ያው ነው። ካላዛር የሚባለው በሽታ በመተማና በአርማጭሆ ቆላ የተለመደ ነው፤ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ይተላለፋል፤ ሳይታከም ከቀረ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል። ዝንቧ የዋልካውን ስንጥቅና የግራር ጥላን ትወዳለች፤ ቀን ሲሠራ ውሎ ግራር ሥር የሚያድረውን ታገኘዋለች። ታታሪ፣ ታማኝ፣ ራሱን የገዛ ወጣት ለእናቱ ገንዘብ ሊልክ ወርዶ ትኩሳት ይዞት፣ ጣፊያው አብጦ ወደ ደጋ ይመለሳል። ሕይወቱ ሰምሯል ማለት ማላገጥ ይሆናል። ሰውየው ምግባሩን አላጣም፤ ግን ተጎድቷል፤ ጉዳቱም የሚካስ ነው፤ በሕክምና፣ በአጎበር፣ በአዳር ቦታ። አሪስቶትልን ከስቶይኮች የሚያስበልጠው ይህ ነው፦ ዕድልን ሳያቃልል ማኅበረሰቡ ምን እንደጎደለው እንዲጠይቅ ያደርጋል።

በምግባር ትምህርት ላይ ከባዱ ተቃውሞ የመጣው ከሥነ ልቦና ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. ዳርሊና ባትሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በፕሪንስተን የነገረ መለኮት ተማሪዎችን ፈተኑ። ተማሪዎቹ ወደ ሌላ ሕንጻ ሲሄዱ በመንገድ ላይ የወደቀ የሚመስል ሰው አገኙ። ካልቸኮሉት 63 በመቶው ረዳ፤ በጣም ከቸኮሉት 10 በመቶው ብቻ። ከተማሪዎቹ ከፊሉ ሊናገር የሚሄደው ስለ ደጉ ሳምራዊ ነበር። ስለዚህ ጠባይ የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉን የሚወስነው ሁኔታ ነው ያሉ ፈላስፎች ተነሡ። ድምዳሜው ከማስረጃው ያልፋል፤ ከቸኮሉትም የቆሙ አሉና። ነገር ግን ጥያቄው እውነተኛ ነው፦ ደግነት ጊዜ፣ ሰላምና ትርፍ ይፈልጋል።

ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሣ የመተማ በር በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞችን ተቀበለ፤ ሱዳናውያን፣ ከሱዳን የሚመለሱ ኢትዮጵያውያን፣ ከደርዘኖች አገራት የመጡ ሰዎች። ኩመርና አውላላ የሚባሉ መጠለያዎች ተከፈቱ። በዚያው ዓመት ክረምት የአማራ ክልል ራሱ ወደ ጦርነት ገባ፤ የጎንደር–መተማ መንገድ በእገታና በዘረፋ ስሙ የሚነሣ ሆነ። በ2016 ዓ.ም. ከሺህ በላይ ስደተኞች ደኅንነት አጣን ብለው ከመጠለያዎቹ ወጡ፤ በመንገድ ዳር ጫካ ውስጥ ሰፈሩ። እንግዳ መቀበል የዚህ አገር ሰው ያደገበት ምግባር ነው። ራሱን የሚያሳድደው ሰው የበዛበት ገበሬ ግን ከማን ጋር ይካፈል? ልቡ ቢጠብብ ጠባዩ ከፋ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ለሁለት አሥርት ዓመታት «ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር»ን በአሥራ አንድ ርእሶች አስተምረዋል፤ የሕግ የበላይነት፣ ፍትሕ፣ አገር ወዳድነት፣ ኃላፊነት፣ ታታሪነት፣ ቁጠባና ሌሎችም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ ለታችኞቹ ክፍሎች ግብረ ገብን መልሷል። ዕቅዱ በጎ ነው። የሚያሳስበው የመጽሐፉ ርእስ በየክፍሉ ሲደጋገም የሚለማመዱት ነገር ትንሽ መሆኑ ነው። «የኒቆማኮስ ሥነ ምግባር» የመጨረሻ ምዕራፍ ይህን አስቀድሞ አይቶታል። ንግግር ብቻ ሰውን መልካም ቢያደርግ ኖሮ መምህራን ብዙ ክፍያ ባገኙ ነበር ይላል፤ አብዛኛው ሰው ግን በልማድ ስለሚቀረጽ ልማዱን የሚቀርጽ ሕግ ያስፈልጋል። መጽሐፉም በምክር ሳይሆን ወደ ሕገ መንግሥታት ጥናት በመሸጋገር ይዘጋል። በምዕራብ ጎንደር ዞን፣ ከገንዳ ውሃ ጽሕፈት ቤት ጀምሮ እስከ እርሻ ካምፑ ድረስ፣ ያ ምዕራፍ ገና ያልተነበበ ነው፤ ግብረ ገብን የሚያስተምር ሰው ከእሱ ቢጀምር ተማሪዎቹ አባቶቻቸው የሚውሉበትን ማሳና የሚጓዙበትን መንገድ በመጽሐፋቸው ውስጥ ያገኙታል።